ተጫዋቹ ለምን ተቀመጠ? ውሳኔውስ የማን ነው?

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ ቡድን ተሸንፎ በተመለሰ ማግሥት አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «እገሌ ለምን አልተሰለፈም?» የሚል ነው። ደጋፊው ስሙን እየጠራ የሚያበረታታው ተጫዋች ሙሉውን 90 ደቂቃ ከተጠባባቂ ወንበር ሳይነሣ ሲቀር አሠልጣኙ ተወቃሽ፣ ተጫዋቹ ተበዳይ፣ የክለቡ ኃላፊዎችም ተጠርጣሪ ይሆናሉ። ምክንያቱ ካልተነገረ ደግሞ ክፍተቱን አሉባልታ ይሞላዋል።

ጉዳዩ የኳስ ወዳጆች ወግ ብቻ ተደርጎ የሚታለፍ አይደለም። በኢትዮጵያ አብዛኞቹ ክለቦች የሚንቀሳቀሱት በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ተቋማት በጀት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲጀምር ለስፖርት የሚመደበው ብር ከውኃ፣ ከመንገድና ከጤና ጣቢያ ጋር በአንድ ሰነድ ላይ ይሰፍራል። በ2011 ዓ.ም መጨረሻ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች ለአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ የ50,000 ብር ጣሪያ ማስቀመጣቸው ይታወሳል። በዚያ ጣሪያ የሚከፈለው አንድ ተጫዋች በዓመት 600,000 ብር ያስወጣል ማለት ነው። ስለዚህ ደመወዝ እየተከፈለው ወንበር ላይ ስለሚውል ተጫዋች ግብር ከፋዩ መጠየቁ ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ ጥያቄው ተገቢ መሆኑ ሁሉም ሰው መልስ ሰጪ፣ ሁሉም ሰው ወሳኝ ይሁን ማለት አይደለም። አንድ ተጫዋች ከአሰላለፍ ውጪ የሚሆንባቸው ምክንያቶች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው ደንብ ነው፤ በካርድ ወይም በቅጣት የታገደ ተጫዋች መሰለፍ አይችልም። ሁለተኛው ሙያ ነው፤ አሠልጣኙ ለዕለቱ ጨዋታ የተሻለ ያለውን ይመርጣል። ሦስተኛው ሥነ ምግባርና ውል ነው፤ ተጫዋቹ ከክለቡ ጋር በልምምድ፣ በደመወዝ ወይም በጠባይ ምክንያት ተጋጭቷል። ሦስቱ የተለያየ ባለቤትና የተለያየ መፍትሔ አላቸው። በአገራችን እግር ኳስ ብዙ ጉዳት ያደረሰው ሦስቱን አንድ አድርጎ ማየት ነው።

መቀመጥ ሲገባው የተሰለፈው ተጫዋች

የደንቡ ጉዳይ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ኢትዮጵያ በ2005 ዓ.ም ተምራለች። በወቅቱ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ብሔራዊ ቡድን ከ31 ዓመታት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ፣ ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ በሚደረገው ማጣሪያም ምድቡን ይመራ ነበር። አማካዩ ምንያህል ተሾመ ግንቦት 26 ቀን 2004 ዓ.ም ከደቡብ አፍሪካ ጋር በተደረገው ጨዋታ አንድ ቢጫ ካርድ፣ መጋቢት 15 ቀን 2005 ዓ.ም ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ደግሞ ሌላ ቢጫ ካርድ ተመለከተ። በማጣሪያው ደንብ መሠረት በሁለት ጨዋታዎች ቢጫ ካርድ ያየ ተጫዋች ቀጣዩን ጨዋታ አይሰለፍም።

ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም ዋልያዎቹ በቦትስዋና ሜዳ 2 ለ 1 አሸነፉ። ምንያህልም በጨዋታው ተሰልፎ ነበር። ከስምንት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 9፣ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ በተመሳሳይ 2 ለ 1 ሲያሸንፉ ቡድኑ 13 ነጥብ ይዞ፣ 8 ነጥብ ካላት ደቡብ አፍሪካ በአንድ ጨዋታ ሊደረስበት በማይችል ርቀት ላይ እንደተቀመጠ ታመነ። አገሩ በደስታ ሰከረ። ደስታው ሳይበርድ በዚያው ዕለት ፊፋ በቦትስዋናው ጨዋታ የታገደ ተጫዋች ስለመሰለፉ ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ። ፌዴሬሽኑም ስሕተት መፈጸሙን አመነ። የቦትስዋናው ውጤት ተሰርዞ 3 ለ 0 ለባለሜዳዋ ተሰጠ፤ የኢትዮጵያ ነጥብም ከ13 ወደ 10 ወረደ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ ያስተምራል። አልፏል የተባለው ቡድን የመጨረሻውን ጨዋታ ማሸነፍ ግድ ሆነበት። ጳጉሜን 2 ቀን 2005 ዓ.ም ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ጋር የተደረገው ይህ ጨዋታ በባለሜዳዋ አገር በነበረው ግጭት ምክንያት ወደ ኮንጎ ብራዛቪል ተዛውሮ ነበር። ዋልያዎቹ 2 ለ 1 አሸነፉ። ከሁለቱ ግቦች አንዱን ያስቆጠረው ራሱ ምንያህል ተሾመ ነው፤ ሁለተኛው የሳላዲን ሰይድ ነበር። ደቡብ አፍሪካ በዚያው የመጨረሻ ዙር ቦትስዋናን 4 ለ 1 ረትታ በ11 ነጥብ ቀረች። ኢትዮጵያ ባታሸንፍ ኖሮ በአንድ ቢጫ ካርድ መዝገብ ምክንያት ምድቡን ታጣው ነበር።

ስሕተቱ የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። በዚያው ማጣሪያ ቶጎና ኢኳቶሪያል ጊኒም በተመሳሳይ ጥፋት ተቀጥተዋል። እጅግ የከፋው የደረሰው በኬፕ ቨርዴ ላይ ነው። ዋልያዎቹ በብራዛቪል ባሸነፉበት ዕለት ኬፕ ቨርዴ በቱኒዚያ ሜዳ 2 ለ 0 አሸንፋ ምድቧን መርታ ነበር፤ ነገር ግን ቅጣቱን ያልጨረሰ ተከላካይ በማሰለፏ ውጤቱ ተገልብጦ ቦታውን ቱኒዚያ ወሰደችው። ለኬፕ ቨርዴ ሌላ ጨዋታ አልቀረላትም ነበር።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። የታገደ ተጫዋችን ማስቀመጥ የአሠልጣኝ ምርጫ አይደለም፤ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። ካርድ የሚመዘግብ፣ ከአወዳዳሪው አካል የሚመጣ ደብዳቤን የሚያነብ፣ ከጨዋታ በፊት ለአሠልጣኙ በጽሑፍ የሚያሳውቅ ኃላፊ ያስፈልጋል። በሜዳ 90 ደቂቃ የተለፋበት ነጥብ በቢሮ ውስጥ በአንድ ያልተነበበ ወረቀት ሊጠፋ እንደሚችል ብሔራዊ ቡድኑ ያሳየውን፣ የወረዳና የከተማ ቡድኖች በራሳቸው ላይ እስኪደርስ መጠበቅ የለባቸውም።

የአሠልጣኙ ድርሻ

ሁለተኛው ዓይነት ውሳኔ ከሁሉ ይበልጥ ክርክር የሚያስነሣው ነው። ተጫዋቹ አልታገደም፣ አልታመመም፣ አላጠፋም፤ አሠልጣኙ ግን ሌላውን መረጠ። በዚህ ረገድ በቅርብ ዓመታት ዓለም ሁሉ የተነጋገረበት ምሳሌ የፖርቱጋሉ ነው። በኳታሩ የዓለም ዋንጫ ኅዳር 27 ቀን 2015 ዓ.ም አሠልጣኝ ፈርናንዶ ሳንቶስ ክርስቲያኖ ሮናልዶን ወንበር ላይ አስቀምጠው የ21 ዓመቱን ጎንሳሎ ራሞስን አሰለፉ። ፖርቱጋል ስዊዘርላንድን 6 ለ 1 ስታሸንፍ ራሞስ ሦስት ግብ አስቆጠረ፤ ውሳኔውም ተደነቀ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 1፣ ከሞሮኮ ጋርም ሮናልዶ ከወንበር ጀመረ። ሞሮኮ 1 ለ 0 አሸንፋ በዓለም ዋንጫ ለግማሽ ፍጻሜ የደረሰች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር ሆነች። ያው ውሳኔ በአራት ቀን ልዩነት ከጥበብ ወደ ስሕተት ተቆጠረ፤ ሳንቶስም ብዙ ሳይቆዩ ከኃላፊነታቸው ለቀቁ።

እዚህ ላይ የሚታየው የሕዝብ ፍርድ ከውጤት ጋር የሚዋዥቅ መሆኑ ነው። አሠልጣኝ ግን የሚወስነው ውጤቱ ከመታወቁ በፊት ነው። ስለዚህ ውሳኔው መመዘን ያለበት በመጨረሻው ውጤት ብቻ ሳይሆን በወሰነበት ሰዓት በእጁ በነበረው መረጃ ነው፦ ተጫዋቹ በሳምንቱ ልምምድ ምን ያህል ተገኘ? አካሉ በምን ሁኔታ ላይ ነው? የተቃራኒው ቡድን አጨዋወት ምን ይጠይቃል?

የወለጋ ቡና አምራች ይህን ዓይነት ውሳኔ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ዕድሜው የገፋ የቡና ዛፍ ፍሬው ሲመነምን አርሶ አደሩ ይጎነድለዋል። ጉንደላ የሚያስደነግጥ ሥራ ነው፤ ትናንት ቤተሰብ ሲያበላ የኖረው ዛፍ ጉቶ ሆኖ ይታያል፤ አዲሱ ቀንበጥ ፍሬ እስኪሰጥም ሁለትና ሦስት ዓመት መታገሥ ይጠይቃል። መንገደኛ ሲያየው ማሳውን ያጠፋ ይመስለዋል። ባለቤቱ ግን ካልጎነደለ ከጥቂት ዓመት በኋላ ምንም እንደማይለቅም ያውቃል። ነገር ግን የግብርና ባለሙያዎች አብረው የሚመክሩት ሌላ ነገር አለ፦ ማሳውን በአንድ ዓመት በሙሉ አትጎንድል፤ ከፋፍለህ በየተራ አድርገው፤ የቤተሰቡ ገቢ በአንድ ጊዜ እንዳይቋረጥ።

በእግር ኳስም ነባሩን ተጫዋች አሳርፎ ወጣቱን ማስገባት ይኸው ሥርዓት ሊኖረው ይገባል። አንጋፋውን በአንድ ሳምንት ከቋሚነት ወደ መረሳት መጣል የቡድኑን ልብ ይሰብራል። በየተራ፣ በየጨዋታው ደቂቃ እየቀነሱና እየጨመሩ ማሸጋገር ግን ሁለቱንም ያቆያል። ደንቡም ዛሬ ይህን ይፈቅዳል። በ2012 ዓ.ም በወረርሽኙ ምክንያት በጊዜያዊነት የተፈቀደው አምስት ተጫዋቾችን የመቀየር መብት በ2014 ዓ.ም ቋሚ ሆኗል። ከግብ ጠባቂው በቀር በሜዳ ካሉት 10 ተጫዋቾች ግማሹን መቀየር ይቻላል ማለት ነው። ስለዚህ የተጠባባቂ ወንበር እንደ ቀድሞው የተረሱ ሰዎች መቀመጫ አይደለም፤ የጨዋታው ሁለተኛ ክፍል የሚዘጋጅበት ስፍራ ነው።

ተጠባባቂ ሆኖ መዘጋጀት ምን እንደሚያስገኝ ደግሞ የራሳችን ታምራት ቶላ አሳይቷል። ለፓሪሱ ኦሊምፒክ በማራቶን ተጠባባቂ ሆኖ የተያዘው ታምራት የቦስተን ማራቶን አሸናፊው ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት ቦታውን ሲለቅ ተተካ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሻሽሎ ወርቅ አመጣ። ተጠባባቂ ነኝ ብሎ ልምምዱን ቢያቀዘቅዝ ኖሮ ያ ወርቅ አይገኝም ነበር። ቦታውን የለቀቀው ሯጭም በጉዳት ውስጥ ሆኖ ካልሮጥኩ አለማለቱ ሊመሰገን ይገባል።

ስለዚህ ሁለተኛው ዓይነት ውሳኔ የአሠልጣኙ ብቻ ነው። የከተማ ከንቲባ፣ የክለብ ቦርድ አባል፣ ገንዘብ የሰጠ ነጋዴም ሆነ የደጋፊ ማኅበር «እገሌን አሰልፍ» ሊሉት አይገባም። አሠልጣኙ በሰዎች ግፊት ካሰለፈ ለሽንፈቱ ማን ይጠየቃል? በገዳ ሥርዓት ሥልጣን ለ8 ዓመት ሲሰጥ ባለሥልጣኑ በዘመኑ እንዲሠራ ይተዋል፤ ካጠፋ ግን ይጠየቃል፣ ሲከፋም ይነሣል። ለአሠልጣኝም ሚዛኑ ይኸው ነው፦ በውሉ ዘመን ይሥራ፤ በተወሰነ ጊዜ ይገምገም፤ በየሳምንቱ ግን እጁ አይጠምዘዝ።

ወንበር ቅጣት ሲሆን

ሦስተኛው ዓይነት ከሁሉ አደገኛው ነው። ተጫዋች ደመወዝ ዘግይቶበት ጠየቀ፣ ከአሠልጣኝ ጋር ተጋጨ፣ ወይም ውሉን ማደስ አልፈለገም፤ ከዚያ በኋላ በአሰላለፍ ውስጥ አይታይም። ለሕዝቡ «አቋሙ ወርዷል» ይባላል። እውነቱ ግን ቅጣት ነው፤ ያውም ያልተጻፈ፣ ማብቂያው ያልተነገረ ቅጣት።

የፊፋ የተጫዋቾች ዝውውር ደንብ ለዚህ መልስ አለው። አንድ ነባር ባለሙያ ተጫዋች በውድድር ዘመኑ ክለቡ ካደረጋቸው ይፋዊ ጨዋታዎች ከ10 በመቶ ባነሰው ብቻ ከተሰለፈ፣ ሁኔታው ተመዝኖ፣ ውሉን ከጊዜው በፊት ማቋረጥ ይችላል፤ ጥያቄውን ማቅረብ ያለበትም የክለቡ የመጨረሻ ይፋዊ ጨዋታ ከተደረገ በ15 ቀን ውስጥ ነው። 30 ጨዋታ ባለው የውድድር ዘመን ይህ ከ3 ያነሰ ጨዋታ ማለት ነው። የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋችም ክለቡን በጽሑፍ አስጠንቅቆ፣ በ15 ቀን ውስጥ ካልተከፈለው ውሉን በበቂ ምክንያት ሊያቋርጥ ይችላል። ክለብ ተጫዋቹን አማርሮ ውሉን እንዲለቅ ወይም እንዲቀይር የሚያደርገው ጫናም እንደ በደል ይቆጠራል።

እነዚህ አንቀጾች በገጠር ቀበሌ ሜዳ ላይ ኳስ ጀምሮ በከተማው ቡድን የታቀፈ ወጣት የሚያውቃቸው አይደሉም። ብዙዎቹ ውላቸውን ሳያነቡ ይፈርማሉ። የእግር ኳስ ዕድሜ አጭር ነው፤ አንድ ዓመት ያለ ምክንያት ወንበር ላይ የዋለ የ20 ዓመት ልጅ የሚያጣው አንድ የመኸር ምርት እንዳለፈው ገበሬ ነው። ገበሬው የሚቀጥለው ክረምት ይመጣለታል፤ ተጫዋቹን ግን ሌላ ክለብ ሳያየው ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል። በአንጻሩ ሥርዓት የጣሰ፣ ልምምድ የሚቀር፣ ጓደኞቹን የሚሳደብ ተጫዋች መቀጣት አለበት። ልዩነቱ ቅጣቱ አስቀድሞ በተጻፈ ደንብ፣ ለስንት ጨዋታ እንደሆነ ተገልጾ፣ ተጫዋቹም የራሱን ቃል ከሰጠ በኋላ መሆኑ ላይ ነው።

አሉባልታ የሚያድገው ከየት ነው?

በወለጋ ጉዳዩን የሚያከብዱ የራሱ ሁኔታዎች አሉ። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ባለፉት ዓመታት በአካባቢው በነበረው የጸጥታ ችግር መንገድ የተስተጓጎለበት፣ ስልክና ኢንተርኔት የተቋረጠበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የከፍተኛ ሊግ ውድድሮች ደግሞ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው የተካሄዱባቸው ዓመታት ነበሩ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ደጋፊው የራሱን ቡድን በዓይኑ አያይም። የሚደርሰው ውጤትና የአሰላለፍ ዝርዝር ብቻ ነው። ከዝርዝሩ አንድ ስም ሲጎድል ምክንያቱን ራሱ ይፈጥራል።

የሚፈጠረው ምክንያት ደግሞ ብዙ ጊዜ ደግ አይደለም። «የኃላፊው ዘመድ ስለገባ ነው»፣ «የዚህ ዞን ልጅ ስላልሆነ ነው»፣ «ብሔሩ ነው» ይባላል። እንዲህ ያለ ወሬ አንዴ ከተነሣ አሠልጣኙ ስለ አጨዋወት የሚሰጠው ማብራሪያ ሁሉ አይሰማም። ከምሥራቅ እስከ ቄለም ወለጋ፣ ከሆሮ ጉዱሩም ጭምር የተውጣጡ ወጣቶችን በአንድ መለያ የሚያሰባስብ ቡድን የአካባቢውን ሰው ከሚያቀራርቡ ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። በወሬ እንዲፈርስ መተው የለበትም።

አሠልጣኞች በበኩላቸው ሁሉን ነገር ለሕዝብ መናገር እንደማይቻል ያስረዳሉ። እውነት አላቸው። ከጨዋታ በፊት የሚነገር ዝርዝር ለተቃራኒ ቡድን ስንቅ ይሆናል፤ የአንድን ወጣት ድክመት በአደባባይ መዘርዘርም ክብሩን ይነካል። ነገር ግን ዝምታና ዝርዝር ማብራሪያ ብቻ አይደሉም ያሉት አማራጮች። ተጫዋቹ ራሱ ምክንያቱን ከማንም በፊት ከአሠልጣኙ አፍ መስማት አለበት። ለሕዝቡ ደግሞ ከጨዋታው በኋላ «በደንብ ታግዷል»፣ «በአሠልጣኙ ምርጫ ነው»፣ «በሥነ ምግባር ቅጣት ላይ ነው» ከሚሉት አንዱን መናገር ብቻ ብዙውን አሉባልታ ያቆማል።

ከውድድር ዘመኑ በፊት ሊደረግ የሚችል

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ወጪ ትንሽ ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ክለብ የካርድና የቅጣት መዝገብ ይኑረው፤ ከጨዋታው አስቀድሞ ቡድን መሪውና አሠልጣኙ ፈርመው ያረጋግጡት። አንድ ደብተርና አንድ ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ይበቃል። ሁለተኛ፣ የሥነ ምግባር ደንቡ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ተጽፎ፣ ተጫዋቾች በሚገባቸው ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም፣ ተነቦላቸው ይፈርሙበት። ሦስተኛ፣ የአሠልጣኙ ውል አሰላለፍ የእርሱ ብቻ መሆኑን በግልጽ ይናገር፤ ግምገማውም መቼና በምን መለኪያ እንደሚደረግ ይጻፍ። አራተኛ፣ ክለቡን በበጀት የሚደግፈው አስተዳደር በዓመት መጨረሻ ስንት ተጫዋች እንደተቀጠረ፣ ስንቱ እንደተሰለፈ፣ ስንቱ ከአካባቢው ታዳጊዎች እንደወጣ ለምክር ቤቱና ለነዋሪው ይግለጽ።

አራተኛው ነጥብ የክርክሩን አቅጣጫ ይለውጠዋል። ነዋሪው በየሳምንቱ ስለ አንድ ተጫዋች ከመጨቃጨቅ ይልቅ በዓመቱ መጨረሻ ስለ አጠቃላይ አሠራሩ መጠየቅ ይችላል። ከሌላ ከተማ በውድ ዋጋ መጥተው ዓመቱን በወንበር የጨረሱ አምስት ተጫዋቾች ካሉ ጥፋቱ የተጫዋቾቹ ብቻ አይሆንም፤ ማን እንዳስፈረማቸውም ይጠየቃል። ያኔ የከተማውና የገጠሩ ታዳጊ ለምን ዕድል አላገኘም የሚለው ጥያቄ በስሜት ሳይሆን በቁጥር ይቀርባል።

ዋልያዎቹ በመጨረሻ ወደ ብራዚል አልሄዱም። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም በናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ኅዳር 7 በካላባር 2 ለ 0 ተሸንፈው ከዓለም ዋንጫው ደጃፍ ተመለሱ። የኢትዮጵያ ሕዝብ ያንን ሽንፈት በክብር ተቀብሎታል፤ በሜዳ ላይ ተታግሎ የተሸነፈ ቡድን ወቀሳ ቢደርስበትም ይቅርታ አያጣም። ከዓመታት በኋላም ሰው እየተቆጨ የሚያነሣው በቢሮ የጠፉትን ሦስቱን ነጥቦች ነው። የወለጋ ከተሞች ክለቦችም ሊፈሩት የሚገባው ይህን ዓይነቱን ቁጭት ነው።